ተማሪ ሐኪምን ማረም፣ ተማሪ ሆኖም መታረም፦ በዋርድ ውስጥ ፊድባክ ደረጃ በደረጃ

በማስተማሪያ ሆስፒታል ተማሪ ሐኪም ብዙ ይባላል። ጠዋት በሞርኒንግ ሴሽን (የሌሊቱ በሽተኞች በሚቀርቡበት ስብሰባ) ያቀረበው ኬዝ ይተቻል። በራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ እየዞሩ በሽተኛ ሲያዩ፣ ጥያቄ ይወርድበታል። ማታ ዱቲ (ተረኛነት) ላይ ሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ ይቆጣዋል። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን «ከሰኞ ጀምሮ ምን ለውጠህ ትሠራለህ?» ብትሉት አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም። የሰማው ብዙ ነው፤ የያዘው ጥቂት ነው።

ይህን የፊድባክ፣ ማለትም ስለ ሥራ የሚሰጥ አስተያየት፣ መመሪያ ለሁለት ሰዎች ነው የጻፍኩት። አንዱ አራሚው ነው። ስፔሻሊስት፣ ሬዚደንት ወይም ከበታቹ የሲ ዋን ተማሪዎች (የሆስፒታል ልምምድ ገና የጀመሩ) ያሉት ኢንተርን፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሐኪም፣ ሊሆን ይችላል። ሌላው ታራሚው ነው። በእኛ ሆስፒታሎች አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ይሆናል። ጠዋት ሲኒየሩ ያረመው ሬዚደንት ከሰዓት ኢንተርን ያርማል። ስለዚህ ሁለቱንም ክፍል አንብቡት።

ደረጃ 1፦ ከመናገራችሁ በፊት እዩ

ፊድባክ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና አፍ ሳይከፈት ነው። ተማሪው ሲሠራ ያየው የለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻውን ሂስትሪ (የበሽታውን ታሪክ) ወሰደ፤ ሆድ ነካ፤ ልብ አዳመጠ። እኛ ያየነው ጠዋት የቀረበውን ወረቀት ነው። ያንን ይዘን ስለ ምርመራ ችሎታው እንፈርዳለን። እንግሊዝኛው የሚፈስለት ተማሪ ጎበዝ ይባላል። አፉ የሚያያዘው ደካማ ይባላል። ስፕሊን (ጣፊያ) ሲፈልጉ የሁለቱም እጅ የት እንደነበር ግን ማንም አያውቅም።

ጃክ ኤንዴ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጽፎ ነበር። ፊድባክ ከሌለ ስህተት ሳይታረም ይቀራል፣ ጥሩ ሥራም ሳይጠናከር ያልፋል ይላል። ፊድባክ የሚሰጥ ሰው በዓይኑ ያየውን ይዞ እንዲናገርም ይመክራል። እኔም ከዚህ የማስቀድመው ምክር የለኝም። ያላያችሁትን አታርሙ።

«ሃያ ተማሪ ይዤ ማንን ልይ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፍተው የተማሪው ቁጥር ሲጨምር፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆመው ሰውም በዝቷል። መፍትሔው ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት አለመሞከር ነው። በቀን አንድ ተማሪ፣ አንድ በሽተኛ፣ አንድ ሥራ ይበቃል። ማታውኑ ንገሯት፦ «ነገ አልጋ 6 ላይ ደረት ስትመረምሪ አያለሁ።» ዝርዝሩን ዱቲ ሩም ውስጥ ለጥፉት፤ ሁሉም ተራውን ይወቅ። ሚኒ-ሲኢኤክስ የሚባለው የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ቦርድ ያስለመደው የምዘና ዘዴም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። አንድ አስተማሪ አንድ ተማሪ ከእውነተኛ በሽተኛ ጋር ሲሠራ በአጭሩ ያያል፤ እዚያው ፊድባክ ይሰጣል።

ስታዩ ከእግርጌ ቁሙና ዝም በሉ። በሽተኛው ላይ አደጋ ካልመጣ በቀር አታቋርጡ። ተማሪው የተናገራትን አንድ ሁለት ቃል እንዳለች ጻፏት። በኋላ «እንዲህ ብለህ ነበር» ስትሉ ክርክር አይነሳም። በሽተኛውንም በሚገባው ቋንቋ አስፈቅዱት።

ደረጃ 2፦ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አታችመንቱ፣ ተማሪው በአንድ ክፍል የሚመደብበት የልምምድ ጊዜ፣ በተጀመረ ቀን እንዲህ በሉ፦ «ስትሠሩ አያችኋለሁ። ያየሁትን እነግራችኋለሁ። የምነግራችሁ ለማርክ አይደለም።» ከዚያ «ከዚህ ዋርድ ምን ተምረህ መውጣት ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪው የሚመጣውን ካወቀ ሲጠሩት አይደነግጥም።

ደረጃ 3፦ ጊዜውንና ቦታውን ምረጡ

አደጋ ካለ መጀመሪያ በሽተኛው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አልተነፈሰም እንበል። ኢንተርኑ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ መሣሪያ) ይዟል፤ ጭምብሉ ግን ፊቱ ላይ አልገጠመም፤ ደረቱም አይነሳም። ይህ የማስተማሪያ ሰዓት አይደለም። «እኔ ልያዘው፤ አንተ የልብ ምቱን አዳምጥ» በሉና ተረከቡ። ቁጣም ማብራሪያም አትጨምሩ። ሥራ ስጡት እንጂ አታባርሩት። ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ በዚያው ቀን ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ፤ ማኔኪን (የመለማመጃ አሻንጉሊት) ካለም ጭምብል አያያዙን ደግሞ ይሠራዋል።

አስቸኳይ ካልሆነ በበሽተኛው ፊት አትውቀሱ። ራውንድ በእንግሊዝኛ ስለሚካሄድ በሽተኛው ምንም አይሰማም ብለን እናስባለን። ቃሉን ባይሰማም ፊታችሁን ያነባል። የድምፁን ከፍታ ይሰማል። የተማሪው አንገት ሲደፋ ያያል። ያው ተማሪ ማታ ደም ሊቀዳለት ሲመጣ «አንተ አትንካኝ፣ ሌላ ሰው ጥራልኝ» ይላል። ተማሪውም ከዚያ ቀን በኋላ የሚያስበው ስለ በሽታው ሳይሆን ከጥያቄ ስለማምለጥ ነው። ከኋላ መደበቅ፣ በረጅም ሰው ጀርባ መከለል ይለምዳል። በራውንድ ላይ ማስጨነቅ ተማሪን ያጠነክራል የሚለውን አስተሳሰብ አልቀበለውም። አንዳንዱ ይጠነክር ይሆናል፤ ብዙው ግን የማያውቀውን መደበቅ ይማራል። የማያውቀውን የሚደብቅ ሐኪም ደግሞ ለበሽተኛ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ከዋርዱ ወጣ በሉ። የኮሪደሩ ጫፍም ይበቃል። ሁለታችሁም ተቀመጡ። አማርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ሁለታችሁም የምትግባቡበት ቋንቋ ካለ በእሱ ተናገሩ። ተማሪ በእንግሊዝኛ «የስ» ይላል፤ በቋንቋው ግን «እዚህ ጋ አልገባኝም» ለማለት ይቀለዋል። ሌሊቱን ዱቲ አድሮ ዓይኑ የቀላን ሰው ደግሞ አትያዙት። «ሂድ ተኛ፤ ነገ አራት ሰዓት ላይ እንነጋገራለን» በሉት፤ በሰዓቱም ተገኙ።

ደረጃ 4፦ ንግግሩ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። አንድ ምሳሌ ይዘን እንየው። አንዲት የሲ ዋን ተማሪ ቀኝ ሳንባው ዙሪያ ውሃ የቋጠረ በሽተኛ መረመረች። ሬዚደንቱ ቆሞ አየ። ከዚያ ወጥተው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ይጠይቃታል። «እንዴት ነበር?» ቢላት መልሷ «ጥሩ ነው ዶክተር» ነው፤ ወሬውም እዚያው ይሞታል። ጥያቄው ጠበብ ይበል፦ «ከጀርባው ፐርከስ ስታደርጊ ቀኝና ግራውን እንዴት እንዳነጻጸርሽ ንገሪኝ።» (ፐርከስ ማለት በጣት መታ መታ እያደረጉ ድምፁን መስማት ነው።) አሁን ማሰብ ትጀምራለች። ምናልባት ስህተቷን ራሷ ታገኘዋለች። ራሷ ካገኘችው ግማሹ ሥራ አልቋል።

ቀጥሎ ያየውን ይነግራታል። ጥሩውንም፣ መታረም ያለበትንም በዚያው ልክ ለይቶ፦ «ከመንካትሽ በፊት ምን እንደምታደርጊ ነገርሽው፤ ትከሻው ሲላላ አየሁ። ይህን እንዳትተዪው። ፐርከስ ስታደርጊ ግን ቀኙን ከላይ እስከ ታች ጨረስሽና ወደ ግራ ሄድሽ። ታች ስትደርሺ የላይኛው ድምፅ ከጆሮሽ ጠፍቷል። በየደረጃው ቀኝ ከዚያ ግራ፣ ቀኝ ከዚያ ግራ እያልሽ ውረጂ። ውሃው ያለበት ጋ ስትደርሺ ድምፁ ድፍን ሲል ልዩነቱ ወዲያው ይገባሻል።»

ይኸው ነው። ስቴቶስኮፑን በልብስ ላይ አስቀምጣ እንደነበርም አይቷል። ለዛሬ ተወው። በአንድ ጊዜ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነገር። አሥር ነገር የተነገረው ሰው አንዱንም አይዝም።

ከዚያ «አሁን በእኔ ጀርባ ላይ አሳዪኝ» ይላታል። እዚያው ትሠራዋለች። በመጨረሻም ቀን ይቆርጣል፦ «ሐሙስ ሌላ በሽተኛ ላይ ይህንኑ አያለሁ።» ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህን ነው። ተመልሶ የሚያይ ከሌለ የተባለው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ቃላት ምርጫ ትንሽ ልጨምር። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በፊድባክ ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። ጥናቶቹ በሕክምና የተወሰኑ አልነበሩም። ፊድባክ በአማካይ ሥራን ያሻሽላል። ግን ከሲሶ በሚበልጠው ላይ ፊድባክ የተሰጠው ሰው ሥራ ጭራሽ ወርዷል። ካቀረቡት ምክንያት ዋናው፣ የሰውየው ሐሳብ ከሥራው ተነሥቶ ወደ ራሱ መዞሩ ነው። «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» እያለ የሚብሰለሰል ተማሪ እጁን የት ማድረግ እንዳለበት አያስብም።

ስለዚህ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሥራው ተናገሩ። «ግድ የለህም» አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «የአልጋ 4 የፖታሲየም ምርመራ ውጤት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቶ ነበር። ቻርቱ ላይ የገባው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። በመሃል ምን ሆነ?» ጥያቄው የምር ይሁን። መልሱ ያስገርማችሁ ይሆናል። ውጤቱን ከላቦራቶሪ ያመጡት አስታማሚዋ ናቸው፤ ለማን እንደሚሰጡ የነገራቸው ስለሌለ ቦርሳቸው ውስጥ አድርገውት ዋሉ። ያን ጊዜ የሚታረመው ተማሪው ብቻ ሳይሆን የዋርዱ አሠራርም ነው። ፈርዳችሁ ብትጀምሩ ኖሮ ይህን አትሰሙትም ነበር።

«ጎበዝ» ማለትም ያው ነው። ደስ ያሰኛል፤ ግን ተማሪው ምኑን እንደሚደግም አያውቅም። «ለእናትየው መርዶውን ስትነግሪያት መጀመሪያ አስቀመጥሻት፤ ከተናገርሽም በኋላ ዝም ብለሽ ጠበቅሻት» ብትሉ ሌላ ጊዜም ታደርገዋለች።

ወቀሳን በምስጋና መሃል ሸፍኖ መስጠት የሚባለውን ዘዴ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ አልወደውም። ይሉኝታ በሚበዛበት በእኛ ማኅበረሰብ ሽፋኑ ስለሚወፍር የውስጡ አይታይም። ተማሪው ተመስግኛለሁ ብሎ ይሄዳል። ልምድ ያለው ተማሪ ደግሞ ምስጋና ሲሰማ «ግን»ን እየጠበቀ ይጨነቃል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተለመደው የፔንድልተን ደንብ የተሻለ ነው። መጀመሪያ ተማሪው ጥሩ የሠራውን ይናገራል፤ አስተማሪው ይጨምርበታል። ቀጥሎ መሻሻል ያለበትን እንዲሁ። ለጀማሪ አራሚ ጥሩ መያዣ ነው። እጃችሁ ሲፈታ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ አትድረቁ።

ጊዜ በሌለበት ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ውስጥ

ውጭ ሰልፍ ሞልቷል። እዚህ አንድ ደቂቃ የሚባለው ዘዴ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ በቤተሰብ ሕክምና አስተማሪዎች የቀረበ ነው። ተማሪዋ የ18 ወር ሕፃን አይታ መጣች። «ምን ይመስልሻል?» ትሏታላችሁ፤ «ኒሞኒያ» (የሳንባ ምች) ትላለች። «በምን አወቅሽ?» «ሳል አለው፤ አተነፋፈሱን 46 ቆጠርኩ።» አጠቃላይ መርሁን ትነግሯታላችሁ፦ «ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።» ጥሩውን ታጸኑላታላችሁ፦ «እናቱ እቅፍ ላይ ተረጋግቶ ሳለ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርሽ።» የጎደለውን ታርማላችሁ፦ «ልብሱን ገልጠሽ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት አለመግባቱን አላየሽም። አሁን አብረን እንየው።» አለቀ። ቀጣዩ በሽተኛ ይግባ።

ከበድ ያለ ነገር ሲገጥም

ሁሉም ጥፋት የችሎታ አይደለም። ተማሪው ሳይለካ ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የመሳሰሉ ልኬቶች) ከጻፈ ወይም በሽተኛ ከሰደበ ጉዳዩ የበሽተኛ ደህንነት ነው። በዚያው ቀን፣ በግል፣ ሳትለሳልሱ ንገሩት፦ «የአልጋ 11 ደም ግፊት ተጽፏል። በሽተኛው ግን ማንም አልለካኝም ብለዋል። አስረዳኝ።» አስተባባሪውም እንደሚያውቅ ንገሩት፤ ሳታሳውቁት ከጀርባው አትሂዱ።

ጎበዝ የነበረ ተማሪ ድንገት ማርፈድና መርሳት ሲጀምር ደግሞ ከማረም በፊት ጠይቁት። «ቤት ሰላም ነው? እንቅልፍህ እንዴት ነው?» በሉት። የሞተበት ሰው ይኖር ይሆናል። ቤተሰቡ ያለበት አካባቢ ሰላም አጥቶ ይሆናል። ድብርት ሊሆንም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚፈልገው ድጋፍና የሚያናግረው ባለሙያ ነው፤ ወደዚያ ምሩት።

ማርክና ፊድባክ ለየብቻ

በአታችመንቱ መጨረሻ የሚሞላው ፎርም ፊድባክ አይደለም። ያኔ ተማሪው ወደ ሌላ ዲፓርትመንት ሊሄድ ነው፤ ምኑን ያርማል? አታችመንቱ ሲጋመስ እያንዳንዱን ለአሥር ደቂቃ አነጋግሩ። ፎርሙ ላይ የሚሰፍር ደካማ ውጤት ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ነገር ከሆነ በደላችሁታል።

አሁን ወደ ታራሚው

ፊድባክን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጠይቁ። ግን «ዶክተር፣ ፊድባክ ቢሰጡኝ?» ብትሉ የምታገኙት «ጥሩ ነህ፣ አንብብ» ነው። ሥራው ሳይጀመር፣ ነገሩን ለይታችሁ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ዛሬ ሉምባር ፐንክቸር ስሠራ በሽተኛውን አስተኛኘቴንና ቦታ አመራረጤን ቢያዩልኝ?» (ሉምባር ፐንክቸር ከወገብ አከርካሪ መካከል ፈሳሽ መቅዳት ነው።) እንዲህ ተብሎ እንቢ የሚል ሲኒየር ጥቂት ነው።

ሲነገራችሁ ወዲያው ለመከላከል አትቸኩሉ። ልብ ይመታል፣ ፊት ይግላል፣ ይህ ያለ ነው። ጻፉ። መጻፍ እጅንም ሐሳብንም ያረጋጋል። ስታዳምጡ ቀና በሉ። አቀርቅሮ ዝም ማለት በአስተዳደጋችን አክብሮት ነው፤ ሲኒየሩ ግን አልሰማኝም ሊል ይችላል። ሲጨርስ በራሳችሁ ቃል መልሱለት፦ «በትክክል ገብቶኝ ከሆነ፣ ህመሙን ስጠይቅ መቼ እንደጀመረ አጥርቼ ሳልይዝ ወደ ሌላ ሄጃለሁ።» ካልገባችሁ «ገብቶኛል» አትበሉ።

የተነገራችሁ ነገር ጥቅል ከሆነ ዘርዝሩት። «ሂስትሪህ ደካማ ነው» ከተባላችሁ «የትኛው ክፍል ላይ ነው ዶክተር? ዛሬ ካቀረብኩት አንድ ቦታ ቢያሳዩኝ» በሉ። የማትስማሙበት ነገር ካለም ማስረጃችሁን በአክብሮት አቅርቡ፦ «ስደርስ ውጤቱ ገና አልወጣም ነበር፤ የላብ መዝገቡ ላይ ሰዓቱ አለ።»

በቁጣ የተነገረ እውነት ያማል፤ ግን እውነት ሊኖረው ይችላል። ያን ቀን ተዉት። በነጋታው ንዴቱ በረድ ሲል «ከተባልኩት ውስጥ ስለ ሥራዬ የተነገረው የትኛው ነው?» ብላችሁ ለዩ። አንዲቷን ያዙ፤ ሌላውን ጣሉት። ስድብ፣ ዛቻ፣ ስለ ብሔር ወይም ስለ ሰውነት የሚነገር ነገር፣ ፆታዊ ትንኮሳ ግን በየትኛውም ሚዛን ፊድባክ አይደለም። ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ወደ ኮርስ አስተባባሪው፣ ወደ ዲን ቢሮ ወይም ወደ ሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ።

በጋዋናችሁ ኪስ ትንሽ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የተባላችሁትን፣ እንደገና የሠራችሁበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ ወደ ነገራችሁ ሰው ተመለሱ፦ «ባለፈው ስለ ፐርከሽን የነገሩኝን ዛሬ ሌላ በሽተኛ ላይ ሠራሁት፤ ቢያዩልኝ?» አስተማሪን ይህን ያህል የሚያነቃቃ ነገር የለም።

ደግሞም ጆሯችሁን ለሐኪም ብቻ አትክፈቱ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ዓመታት ያሳለፈች ሲስተር እጃችሁን አንድ ጊዜ አይታ የምትነግራችሁን ማንም አይነግራችሁም። «ሲስተር፣ ፕላሴንታውን (የእንግዴ ልጁን) ሳወጣ ምን ታዘቡ?» በሏት። በሽተኛንም ጠይቁ፦ «አባባ፣ ስለ መድኃኒቱ የነገርኩዎትን እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ እስቲ።» አጥርተው ካልመለሱ የእናንተ ማስረዳት ነው የጎደለው።

ከታች ወደ ላይ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ያደገ ኢንተርን ሲኒየሩን በድንገት አይተችም። ከእሱም መጠበቅ የለብንም። በሩን መክፈት ያለበት ትልቁ ነው። «አስተያየት አላችሁ?» ግን በር አይከፍትም፤ ሁሉም «የለንም ዶክተር» ይላል። እንዲህ ጠይቁ፦ «በሚቀጥለው ሳምንት ራውንድ ላይ አንድ ነገር ብለውጥ ምን ልለውጥ?» አፍረው ዝም ካሉ ስም ሳይጽፉ በወረቀት ይስጡ፤ የክፍሉ ተወካይ ይሰብስበው። የጻፈው ማን እንደሆነ በእጅ ጽሑፉ ለማወቅ አትሞክሩ። ከተጻፈው አንዱን ምረጡና ለውጡ። ለምሳሌ ራውንዱ ረዝሞ ተማሪዎቹ መድኃኒት ሳይጽፉና ናሙና ሳይልኩ ምሳ ሰዓት የሚደርስ ከሆነ ማስተማሩን ለሁለት አልጋ ብቻ አድርጉት፤ ሌላውን ቶሎ ጨርሱ። ሰኞ ራውንድ ስትጀምሩም «ይህን የለወጥኩት እናንተ ስላላችሁኝ ነው» በሏቸው።